ሁለተኛ የማይወጋው ስሪንጅ

በጤና ጣቢያችን የክትባት ክፍል ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማይለየው ዕቃ 0.5 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ አንዴ ከተወጋበት በኋላ ራሱን የሚቆልፈው ስሪንጅ ነው። እኛ ኤዲ እንለዋለን። ከምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ሁሉ እንደ እሱ የማምነው የለም።

ክትባቱን ከብልቃጡ ስበን እንወጋለን፤ ገፊው ጫፍ ሲደርስ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ በጉልበት ቢሳብ ይሰበራል እንጂ አይመለስም። ተራው ስሪንጅ ላይም «ድጋሚ አይጠቀሙ» የሚለው፣ 2 ቁጥር የተሰረዘበት ምልክት አለ፤ ግን ምልክት ሰው አያስቆምም። ወረፋው ረዝሞ፣ ዕቃው ተመናምኖ፣ ባለሙያው ደክሞት ሳለ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ መግቢያ ቀዳዳ ያገኛሉ። ኤዲ ውሳኔውን ከደከመው ሰው እጅ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባወጡት መግለጫ፣ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አገሮች ሁሉ ለክትባት ይህንኑ ብቻ እንዲጠቀሙ የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

እናቶች «ሲስተር፣ አዲስ ነው አይደል?» ይሉኛል። ሰው ከፋርማሲ የራሱን መርፌ ገዝቶ ሐኪም ቤት ይሄድ የነበረበት ዘመን ገና አልተረሳም፤ መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። ማሸጊያውን ዓይናቸው እያየ እቀድዳለሁ።

እንከን የለውም አልልም። በተራ ስሪንጅ የለመደ ጀማሪ መጀመሪያ አየር ስቦ ብልቃጡ ውስጥ ሊገፋ ይሞክራል፤ በኤዲ እንዲያ ከተደረገ ክትባቱ ሳይቀዳ ስሪንጁ ተቆልፎ ይቀራል። ለሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ ለቢሲጂም አይሆንም፤ የሕፃናቱ መጠን 0.05 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የራሱ ትንሽ ኤዲ አለው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ለመበጥበጥ ደግሞ ሌላ ትልቅ ስሪንጅ ያስፈልጋል።

የሚያሳስበኝ ከተወጋ በኋላ ያለው ነው። መርፌው ክዳኑ ሳይመለስ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው፣ መርፌ በማይበሳው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ባለ 5 ሊትሩ ሳጥን 100 ያህል ይይዛል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል። ደህና ማቃጠያ ባለበት ጥሩ ነው። ጉድጓድ ብቻ ባለበት ግን ፕላስቲኩ ቀልጦ መርፌው እንዳለ ይቀራል፤ አጥር ከሌለ ልጆች ይደርሱበታል። ስሪንጅ የሚልክ ሁሉ ሳጥኑንም በልኩ ይላክ፤ ማቃጠያውንም በጀት ውስጥ ያስገባ።

ለግል ክሊኒክ የምትገዙ ካላችሁ፣ ለክትባት ከሆነ ከኤዲ ውጪ አትመልከቱ። ስትረከቡ ግን ከካርቶኑ አንዱን ፈትታችሁ ውኃ ስባችሁ ግፉና መቆለፉን በእጃችሁ አረጋግጡ።