ግላስ ወይስ ፓርት?

ደሴ ውስጥ ቁጥብ የፒያኖ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ክርክር ከገጠሙ ሁለት ስም አይቀርም። የአሜሪካዊው አቀናባሪ ፊሊፕ ግላስ «ሜታሞርፎሲስ» (1988 እ.ኤ.አ.) አንዱን ሐረግ እያመላለሰ ይጓዛል፤ ለጥናት ይመቻል፣ እኔን ግን ቶሎ ያሰለቸኛል።

የኢስቶኒያዊው አቀናባሪ አርቮ ፓርት «ፉር አሊና» (1976 እ.ኤ.አ.) ሌላ ነው። ሁለት ገጽ ብቻ፤ የምት ልክ እንኳ አልተጻፈበትም። ጥልቅ ድምፅ ይመታል፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ ይቆያል። ግራ እጅ ከተመደቡለት ሦስት ድምፆች የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው፤ አቀናባሪው እዚያች ቦታ ላይ አበባ ስሏል! ተቃዋሚዎቹ «ባዶ ነው» ይላሉ። በአምባሰል ዜማ ያደገ ጆሮ ድምፅ እስኪከስም መጠበቅ እንዴት ይከብደዋል? እርግጥ ፒያሳ ካፌ ውስጥ አይሞከርም፤ የስኒው ኳኳታ ይውጠዋል። እዚያ ግላስ ይሻላል።