የቤምፕተን ገደል በጎ ፈቃደኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ጁላይ መጀመሪያ ላይ እማዬን ይዤ ቤምፕተን ክሊፍስ ሄጄ ነበር። እዚያ ያገኘነውን መስተንግዶ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሸር ውስጥ ነው። ሰሜን ባሕር ዳር የቆመ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ቁመቱ 100 ሜትር አካባቢ። ከማርች እስከ ኦክቶበር ግማሽ ሚሊዮን ያህል የባሕር ወፍ ይሰፍርበታል። የሚጠብቀው አር ኤስ ፒ ቢ የሚባለው የወፎች ማኅበር ነው።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት። ገደል ብርቋ አይደለም። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛም አትችልም። እየተጓዝን «ወፍ ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ?» ትለኝ ነበር።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ጠጉራቸው የሸበተ በጎ ፈቃደኛ ሴት ቴሌስኮፕ ተክለው ቆመዋል። እማዬ አጭር ናት። ምንም ሳንጠይቃቸው የቴሌስኮፑን ሦስት እግሮች አንድ በአንድ አሳጥረው በእሷ ዓይን ልክ አደረጉት። ከዚያ እጇን ይዘው አስጠጓት። እማዬ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

መጀመሪያ ያሳዩዋት ጋኔት ነበር። ራሱ ቢጫ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር የሚጠጋ። ባልና ሚስቱ ሲገናኙ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው ምንቃር ለምንቃር ይነካካሉ። «ሰላምታ እየተሰጣጡ ነው» አለች እማዬ፣ ማንም ሳይነግራት። ስተረጉምላቸው ሴትየዋ አጨበጨቡ።

ቀጥለው ጊልሞት የሚባለውን ወፍ እንቁላል አምሳያ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። አንድ ጫፉ ሹል ነው። ገፋ ስታደርገው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ዞሮ ይመለሳል። ጊልሞት ጎጆ አይሠራም፤ አንዷን እንቁላል ባዶ ድንጋይ ላይ ነው የሚጥለው። ጫጩቷ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት፣ መብረር ሳትችል ከገደሉ ዘልላ ትወርዳለች። እማዬ ደነገጠች። «እናትየዋስ እንዴት ቻለችው?» አለች። ሴትየዋ ታች ባሕሩን አሳዩን፤ ለካ እዚያ ሆኖ የሚጠራትና ይዟት የሚሄደው አባትየው ነው። «ተባረክ!» አለችው እማዬ፣ ወደ ባሕሩ ዞራ።

ድሮ የአካባቢው ሰዎች በገመድ እየወረዱ እንቁላሉን ይለቅሙ እንደነበርም ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው ሕግ ቀርቷል። «እንደኛ አገር ማር ቆራጭ!» አለች እማዬ። ይኼንንም ተረጎምኩላቸው። ስለ ማር ቆራጮቹ የጠየቁት ጥያቄ ብዛቱ! እማዬም ደስ ብሏት ሁሉንም መለሰች። አንድም ጊዜ አልቸኮሉብንም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ደመወዝ የላቸውም።

ስንሰናበት እማዬ «እድሜና ጤና ይስጥሽ» ብላ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ይህን ሳልተረጉም ነው የገባቸው።

ሊድስና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ወላጅ ከአገር ቤት የመጣላችሁ፣ ውሰዷቸው። ፓፊን የሚባለውን ወፍ ማየት ከፈለጋችሁ ከጁላይ መጨረሻ በፊት ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ይመለሳል። አባል ላልሆነ ሰው መግቢያ ይከፈላል። በጋም ቢሆን ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። ሽታውም ይከብዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይለመዳል። ቴሌስኮፕ ይዞ የቆመ ሰው ካያችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ጠጋ በሉ።