የድራጎን መጽሔት አሮጌ እትሞች፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ታኅሣሥ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ደሴ ስትመጣ ለእኔ የያዘችልኝ ጫማም ሸሚዝም አልነበረም፤ በሁለት ወፍራም ፌስታል የተጠቀለሉ 31 አሮጌ መጽሔቶች ነበሩ። አንድ ሰው ቤት ሲቀይር በርካሽ ሲሸጣቸው አይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የምጫወተው ጨዋታ ትዝ ብሏት ነው የገዛቻቸው። እናቴ አንዱን አንስታ ሽፋኑ ላይ ያለውን ባለ ክንፍ ዘንዶ አየት አደረገችና «ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ወረቀት ተሸክመሽ መጣሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር አልፏል። መጽሔቶቹ በየሳምንቱ ከሳጥን እየወጡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል፣ ቡና ፈስሶባቸዋል፣ የደሴንም ክረምት ከነጉሙ አሳልፈዋል፤ ስለዚህ ገና እንደመጡ በጉጉት ልጽፈው ከነበረው ይልቅ የአሁኑ ግምገማ ለገዢ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ የሚይዙበት፣ አንዱ ሰው ደግሞ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይዞ የሚተርክበት፣ ያጠራጠረውም ነገር ሁሉ በዳይስ የሚቆረጥበት ጨዋታ ነው። ተራኪውን እኛ «አጫዋች» እንለዋለን፤ በእኛ ቡድን ይህ ሥራ የእኔ ነው። ድራጎን የጨዋታው አሳታሚ የሆነው ቲኤስአር ከዊስኮንሲኗ ሌክ ጄኒቫ ከተማ ከሰኔ 1976 ጀምሮ ያወጣው መጽሔት ሲሆን፣ አሳታሚ እየቀያየረም ቢሆን እስከ መስከረም 2007 ድረስ በ359 እትሞች በወረቀት ታትሟል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የራሴን ወሮች ግን እንደ አገሬ እቆጥራለሁ። በእጄ ካሉት 28ቱ ከ1981 እስከ 1986 የወጡ የድራጎን እትሞች ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ኋይት ድዋርፍ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት እትሞች ናቸው።

አብዛኞቹ እትሞች ወደ 100 ገጽ የሚጠጉ ሲሆኑ መሃላቸው ላይ በሽቦ የተሰፉ ናቸው፤ ችግሩም የመጣው ከሽቦው ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ በመስኮት ገብቶ አብሮ ያድራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔ ደግሞ ሳጥኑን አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬው ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ስከፍተው ሽቦዎቹ ዝገው፣ ዝገቱ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎት፣ የሰባት እትሞች የመሃል ገጾች ተላቀው አገኘኋቸው። የዛገውን ሽቦ በቢላዋ ጫፍ እያወጣሁ በዚያው በቀድሞው ቀዳዳ በነጭ የጥጥ ክር ሰፋኋቸው፤ ከፋብሪካው ስፌት ይልቅ ገጹ በደንብ ስለሚዘረጋ አሁን ለአጫዋች የሚመቹት እንዲያውም እነዚያ ሰባቱ ናቸው። ግማሹን ክምር ከግንቦት ጀምሮ የያዘልኝ ጓደኛዬ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ የአየር ጠባዩን ይለውጠዋል። የእሱ ድርሻ አንድም ዝገት አልነካውም፤ ነገር ግን መስኮት አጠገብ ስለደረደራቸው የሦስቱ ሽፋን ቀይ ቀለም ወደ ሮዝ ሄዷል። የእኔ አሁን ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፣ በየጥጉም በጨርቅ የተቋጠረ ከሰል ተቀምጦለታል።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ፣ ስቀበላቸው የጓጓሁት ተጨማሪ የጨዋታ ሕግ አገኛለሁ ብዬ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ ከእነዚህ መጽሔቶች አንስቼ እንዳለ የተጠቀምኩበት ሕግ ግን አንድም የለም። እኛ የምንጫወተው በ2014 በወጣው በጨዋታው ሕግ አምስተኛ ዕትም ነው፤ መጽሔቶቹ ደግሞ ለመጀመሪያው «አድቫንስድ» ዕትም የተጻፉ ናቸው። በድሮው አቆጣጠር የጥሩር ቁጥር ሲያንስ ነው መከላከያው የሚጠነክረው፤ በአሁኑ ግን ሲበዛ ነው። ይህ በራሱ ከባድ አይደለም፤ የድሮውን ቁጥር ከ20 ሲቀንሱት ወደ አሁኑ ይጠጋል፣ 5 የነበረው 15 ይሆናል ማለት ነው። የሚያሳስተው ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍጡሩ ሌላ መሆኑ ነው። ኦግር የተባለውን ግዙፍ ጭራቅ ብንወስድ፣ በድሮው ጥሩሩ 5፣ ሕይወቱ በአማካይ 19 ነጥብ ነበር፤ በአምስተኛው ዕትም ጥሩሩ 11፣ ሕይወቱ 59 ነው። የድሮው ለመመታት ያስቸግራል፣ ከተመታ ግን ቶሎ ይወድቃል፤ የአሁኑ በቀላሉ ይመታል፣ አልወድቅም ይላል። አንዱን በሌላው ቀመር ለውጬ ጠረጴዛ ላይ ባቀረብኩበት ምሽት ተጫዋቾቼ በሁለት ዙር ገድለውት የቀረውን ሰዓት ቡና ስንጠጣ አመሸን።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። የእኛ ዓለም ከወሎ የተቀዳ ስለሆነ፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ ተነስተው ወደ ቆላው የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች አሉበት፤ የብሩን ሳንቲም «አሞሌ» ብለን ሰይመነዋል። አሁን በምንጫወተው ዕትም አንድ የወርቅ ሳንቲም በ10 የብር ሳንቲም ይመነዘራል፤ መጽሔቶቹ በተጻፉበት ዘመን ግን አንድ ወርቅ 20 የብር ሳንቲም ነበር። ይህን ሳላስተውል ከአንድ እትም የወሰድኩትን የሸቀጥ ዋጋ ለሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ስህተቱን ያገኘው ከተጫዋቾቼ መካከል ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራው ነው፤ ዋጋ መመዝገብ የዕለት እንጀራው ስለሆነ አይፈረድበትም፣ ግን የቡድኑን የሦስት ሳምንት ትርፍ እንደገና ሲያሰላ የነበረው ፊቱ የገቢዎችን ሠራተኛ ያስንቅ ነበር።

ገንዘቤን ከፍዬ ገዝቼያቸው ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን የሚመልሰው ሌላ ክፍል ነው፤ የፍጡራንን ሥነ ምህዳር የሚመረምሩት ተከታታይ ጽሑፎች። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1983 በወጣው 72ኛ እትም ላይ የታተመ ሲሆን ስለ ፒርሰር ነው። ፒርሰር ከዋሻ ጣሪያ የተንጠለጠለ ሹል ድንጋይ መስሎ የሚኖርና ከሥሩ በሚያልፍ ላይ የሚወድቅ ፍጡር ነው። በሕግ መጽሐፍ ላይ ይህ ሁሉ ጥቂት መስመር ነው፦ ይህን ያህል ሕይወት፣ ይህን ያህል ጉዳት፣ እጅግ ቀርፋፋ። የሥነ ምህዳር ጽሑፎቹ ግን ፍጡሩ በእርግጥ ቢኖር ኑሮው ምን ይመስል ነበር ብለው ይነሳሉ፤ ምን ይበላል፣ እንዴት ይራባል፣ ከምን ይሸሻል የሚለውን እንደ አንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ ያትታሉ።

ያን ጽሑፍ ባነበብኩ ሳምንት፣ የጨው ነጋዴዎቹ ዶፍ ሲጥልባቸው ዋሻ ውስጥ እንዲጠለሉ አደረግሁ። በቀድሞው ልማዴ ቢሆን ዳይስ ጥዬ «አንድ ነገር ወደቀባችሁ» እል ነበር። በዚያ ምሽት ግን የዋሻውን ወለል ገለጽኩ፦ እዚህም እዚያም የተበተነ ትንንሽ አጥንት፣ አንዳንዱ ከላይ እንደተጨፈለቀ ዓይነት ጠፍጣፋ፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ የደረቀ የዝልግልግ ዱካ። በቀን ባጃጅ የሚነዳው ተጫዋቻችን ዳይሱን ከእጁ አስቀመጠና «አጥንቱ መሃል ላይ ብቻ ነው ወይስ ጥግ ጥጉም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መሃል ብቻ እንደሆነ ስነግረው «እንግዲያው ጥግ ጥጉን ነው የምንሄደው፤ ይሄ የበላው እየተራመደ አይደለም» አለ። ቀጥሎም አንዷን በቅሎ ጭነቷን አራግፈው በገመድ ወደ መሃል ሊሰዱ ሲሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ በቅሎ አላስነካም ብላ በጨው ከረጢት አስለወጠቻቸው። ከረጢቱ ተወጋ፤ ፍጡሩም ወለል ላይ ወድቆ፣ ወደ ጣሪያው ለመመለስ በቀንድ አውጣ ፍጥነት እየተሳበ ሳለ ጉዳዩ አለቀ። ለሁለት ሰዓት ያህል አንድም ዳይስ አልተጣለም፤ ማንም አልሰለቸም። ከዚያ ወዲህ የራሴን ፍጡራን ሳዘጋጅ ከቁጥሩ በፊት የሚበላውንና የሚተኛበትን እጽፋለሁ። ጅብ ባቀረብኩ ጊዜማ ከእኔ በላይ እነሱ ያውቁት ስለነበር አስተማሪውም ተማሪውም ተቀያየረ።

የደብዳቤ ገጾቹን መጀመሪያ ላይ እየዘለልኩ አልፋቸው ነበር፤ አሁን ቀድሜ የምከፍተው እነሱን ነው። አንባቢ ይጽፋል፣ በሌላ ወር ሌላው ይመልስለታል፣ አንዳንዴም በእነዚያ ዓመታት ዋና አዘጋጅ የነበረው ኪም ሞሃን ራሱ ጣልቃ ይገባል። ድዋርፍ የተባሉት የተራራ ሥር ነዋሪዎች ሴቶቻቸው ፂም አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ክርክር በዚያ ዘመን የጨዋታውን ሰዎች እንዴት እንዳነታረከ ያነበብኩላቸው ቀን፣ የእኛው ጠረጴዛ ለሁለት ተከፈለና ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተቋጨም። «ሴጅ አድቫይስ» የተባለው የጥያቄና መልስ ዓምድ ደግሞ ለአጫዋች ትምህርት ቤት ነው። ሕጉ ያረጀ ቢሆንም ጠያቂዎቹ የሚያነሱት ችግር፣ ለምሳሌ ተጫዋች የሕጉን ቀዳዳ ፈልጎ ሲያስቸግር ምን ይደረግ የሚለው፣ እዚህ ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር ቢነሳም ያው ነው።

ከሚያዝያ እትሞች ግን ተጠንቀቁ። በኤፕሪል ዘ ፉል ልማድ መሠረት የቀልድ ጽሑፎችን ይጨምሩባቸዋል፤ ቀልዱ የሚቀርበው በዚያው ኮስታራ ሰንጠረዥና በዚያው የሕግ ቋንቋ ስለሆነ ከቋንቋው ውጭ ላደገ ሰው በቀላሉ አይለይም። አንድ ሙሉ ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ የመለስኩት የገጸ ባሕርይ ሙያ ቀልድ መሆኑ የገባኝ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ነው። ያው 72ኛው እትምም የሚያዝያ ነውና፣ የፒርሰሩንም ጽሑፍ ለጥቂት ቀናት በጥርጣሬ ዓይን እያየሁት ሰነበትኩ።

ስለ ሦስቱ ኋይት ድዋርፍ እትሞች ብዙ የምለው የለኝም። መጽሔቱ በ1977 በለንደን ሲጀመር የተለያዩ አሳታሚዎችን ጨዋታዎች የሚያስተናግድ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን የአሳታሚውን የጌምስ ወርክሾፕን የራሱን ምርቶች ብቻ ወደ ማቅረብ አዘነበለ። የእኔዎቹ ከለውጡ በፊት የወጡ ናቸውና አጫጭር ጀብዱዎቻቸው ጥሩ ናቸው፤ ፊደላቸው ግን ከማነሱ የተነሳ መብራት በሄደ ምሽት በሻማ አይሞከርም።

የድራጎን የመጀመሪያዎቹ 250 እትሞች በ1999 በሲዲ ተሰብስበው ወጥተው ስለነበር፣ ያንን ፈልጎ ማግኘት ወረቀት ከመሸከም አይሻልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ይሻላል። ለጠረጴዛ ግን ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ካርታውን ለአንዱ፣ ሥዕሉን ለሌላው ሰጥቶ ክርክሩን ማዳመጥ በስልክ መስታወት አይሆንም፤ መብራት ሲጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም።

መግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ የሽፋኑ ውበት እንዳያታልለው። በዚያ ዘመን በአንዳንድ እትሞች መሃል ተገንጥሎ የሚወጣ ካርታ ወይም ሙሉ የካርቶን ጨዋታ ይታሰር ነበር፤ የመጀመሪያው ባለቤት አውጥቶ ተጫውቶበት ሊሆን ይችላል። ከእኔዎቹ አራቱ መሃላቸው ባዶ ነው፣ በአንዱም ውስጥ የቀረልኝ የመጫወቻ ሕጉ ብቻ ስለሆነ ሰሌዳውን ከብስኩት ካርቶን ላይ በግምት ሥለነዋል። ስለዚህ ሻጩ ከሽፋኑ ይልቅ መጽሔቱን መሃል ለመሃል ገልጦ፣ ሁለቱ ሽቦዎች እንዲታዩ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ።