የካናዳ ቪዛ፦ ራሳችን እንሙላ፣ ለኤጀንት እንስጥ ወይስ ፈቃድ ላለው አማካሪ እንክፈል?

አክስቴ የገንፎውን ዱቄት ያስፈጨችው የልጇ እርግዝና ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ልጇ ቶሮንቶ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነበር። እናት ሄዳ ልታርሳት ቅቤው ተነጥሮ፣ በሶው ተዘጋጅቶ አለቀ። የቀረው ቪዛው ብቻ ነበር። ለእሱም "ያስጨርሳል" የተባለ ኤጀንት ተገኘ።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ከዚህ በፊት ወደ ካናዳም ሆነ ወደ ሌላ አገር ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ? ይላል። አክስቴ ከ9 ዓመት በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክላለች። ይህንን ለኤጀንቱ አልደበቀችውም። እሱ ግን "ይሄ ፋይልዎን ያበላሽብዎታል እናቴ" ብሎ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ካናዳና አሜሪካ የቪዛ መረጃ ይለዋወጣሉ። አሻራ ስትሰጥ ነገሩ ወጣ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 የሐሰት መረጃ ያቀረበን ሰው ለ5 ዓመት ያግዳል። "የሞላው ኤጀንቱ ነው" ማለት አላዳናትም፤ ማመልከቻው የቀረበው በእሷ ስም ነው። ሕፃኗ ዛሬ በሁለት እግሯ ትሮጣለች። አያቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ "ማንን ላናግር?" ሲለኝ ዝም ብዬ ስልክ ቁጥር አልሰጥም። መጀመሪያ ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቪዛ የሚሸጥ ሰው የለም። የሚሸጠው ቅጽ የመሙላትና ሕግ የማወቅ አገልግሎት ነው። አማካሪ ስለያዛችሁ ፋይላችሁ አይፈጥንም፤ የተለየ ዓይንም አይታይበትም። ይህን የካናዳ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ራሱ በግልጽ ይናገራል።

ራስን ችሎ ማመልከት

ቅጹ በነጻ ኦንላይን ይገኛል። የጎብኚ ቪዛ ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ነው። አሻራና ፎቶ 85 ዶላር ነው፤ አንዴ ከተሰጠ 10 ዓመት ያገለግላል። አሻራው የሚሰጠው አዲስ አበባ ባለው የቪኤፍኤስ (የቪዛ ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት) ማዕከል ነው። ክፍያው በካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ያስከፍላል። ወደ ኤጀንት የሚኬድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የካርድ ነገር ነው። ለካርድ ብሎ ግን ሙሉ ፋይልን ለማያውቁት ሰው መስጠት ያስቆጫል።

የባለቤቴን እናት ፋይል የሞላነው ቤት ቁጭ ብለን ነው። ሁለት ምሽት ፈጀብን። ያለፋን ደግሞ ቅጹ አልነበረም፤ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬታቸው ጥር 1968 ይላል። አስተርጓሚው 7 ደምሮ 1975 አለው። ከጥር ጀምሮ የሚደመረው 8 ስለሆነ ትክክሉ 1976 ነው። ቅጹ ላይ አንድ ዓመት፣ የተተረጎመው ሰርተፍኬት ላይ ሌላ ዓመት ሆኖ ሊገባ ነበር። መልሰን ወስደን አሳረምነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ሠርጋቸውን የሚያውቅ ሰው ያየዋል፤ በቀን አስር ፋይል የሚሞላ ኤጀንት አያየውም።

የቪዛ ኦፊሰሩ ከጎብኚ ማወቅ የሚፈልገው ዋናው ነገር "ጊዜዋ ሲያልቅ ትመለሳለች ወይ?" የሚለውን ነው። መልሱ ያለው እናንተ ቤት ነው። የጡረታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ እዚህ የቀሩ ልጆች፣ ከጋባዡ የሥራና የገቢ ማስረጃ። የባንክ ስቴትመንትም ሲሆን ለወራት የገባውንና የወጣውን የሚያሳይ ይሁን። ተበድሮ በሳምንቱ ያስገቡት ብር ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ከማስነሳት በቀር ምንም አይፈይድም።

እናት እንግሊዝኛ ካልቻሉስ? ልጅ ወይም ዘመድ ያለ ክፍያ ሊወክላቸው ይችላል። ለዚህ አይኤምኤም 5476 የሚባል የውክልና ቅጽ አለ። ቶሮንቶ ያለችው ልጅ በዚህ ቅጽ የእናቷን ጉዳይ ራሷ መከታተል ትችላለች።

ኤጀንትና ፈቃድ ያለው አማካሪ አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም "ኮንሰልታንት" የሚል ታፔላ ይሰቅላሉ። ሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ የሜፕል ቅጠል አለ።

በካናዳ ሕግ ገንዘብ እየተቀበሉ ስለ ኢሚግሬሽን ማማከርና መወከል የሚችሉት የተወሰኑ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱም ጠበቆች፣ የኩቤክ ኖታሪዎች፣ በኦንታሪዮ ፈቃድ ያላቸው ፓራሊጋሎች (ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ባለሙያዎች) እና የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ አባላት ናቸው። ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከኅዳር 2014 ጀምሮ አማካሪዎችን የሚቆጣጠር አካል ነው። አባል የሆነ አማካሪ በ"አር" የላቲን ፊደል የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ የፈቃድ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ተቀብላችሁ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ባለው መዝገብ ታዩታላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። "ካናዳ ካለ ባለፈቃድ ጋር ነው የምንሠራው" ካሏችሁም የዚያን ሰው ቁጥር ጠይቁና ውሉን ከእሱ ጋር ተፈራረሙ።

ልዩነታቸው ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው ስሙን ፋይላችሁ ላይ ያሰፍራል፤ 5476ን ያስፈርማችኋል። የጽሑፍ ውል ይሰጣል። "ቪዛውን አረጋግጥላችኋለሁ" እንዳይል የሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክለዋል። ከበደላችሁ የምትከሱበት አካል አለ። ኤጀንቱ ግን ፋይሉ ላይ የለም። እናንተ ራሳችሁ እንደሞላችሁት ሆኖ ይገባል። ነገር ሲበላሽ መንግሥት የሚያውቀው እናንተን ብቻ ነው። "ቪዛው ሲመታ ትከፍላላችሁ" የሚለው ቃል ጆሮ ላይ ይጥማል። ግን ክፍያው በቪዛው ላይ የተንጠለጠለ ሰው "የለም" የምትለዋን ሳጥን ለመጫን ብዙም አያመነታም። በአክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ደግሞ ኢሜይሉን ጠይቁ። አካውንቱ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው? የይለፍ ቃሉስ ማን ጋር ነው? የአክስቴ በኤጀንቱ ኢሜይል ነበር። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት መሥሪያ ቤቱ "ይህን አስረጂ" ብሎ ደብዳቤ ልኮ ነበር። መልስ የመስጠት ዕድል ነበራት ማለት ነው። ደብዳቤውን እሷ አላየችውም። ክልከላውንም ኤጀንቱ የነገራት ወራት አልፈው ነው። ፈቃድ ያለው አማካሪ በራሱ የባለሙያ ፖርታል ሊያስገባ ይችላል፤ ያ ችግር የለውም። ግን የገባውን ሁሉ ቅጂ ተቀበሉ፤ ከመግባቱ በፊትም እያንዳንዱን መልስ አንብቡ።

ጠበቃ መቼ?

ክልከላን ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስዶ ማስመርመር ይቻላል። እዚያ አማካሪ አይቆምላችሁም፤ ጠበቃ ነው። ከካናዳ ውጭ ለተሰጠ ውሳኔ ቀነ ገደቡ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ጋ ስትደርስ ጊዜው ነጉዶ ነበር።

ከጠበቃ በፊት ግን ኦፊሰሩ በፋይሉ ላይ የጻፈውን ማስታወሻ አስወጡ። ካናዳ ውስጥ ያለ ዘመድ በ5 ዶላር ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ለምን እንደተከለከላችሁ ሳታውቁ ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት ክፍያውን መጣል ነው።

ታዲያ የኔ የትኛው ነው?

እናት ወይም አባት ሊጠይቁ የሚሄዱ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ክልከላ ከሌለና ጋባዡ ሥራ ካለው ራሳችሁ ሙሉት። ሱፐር ቪዛ የሚባለው፣ ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛም ቢሆን ያው ነው። እሱ በአንድ ጉዞ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል፤ ቢያንስ የ100,000 ዶላር የጤና ኢንሹራንስ፣ የሕክምና ምርመራና የጋባዡን የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል። ወረቀቱ ይበዛል እንጂ አይከብድም።

ተማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ የተቀበላችሁን ትምህርት ቤት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጻፉለት። አንዳንዶቹ ስለ ጥናት ፈቃድ ለማማከር ፈቃድ ያለው ሠራተኛ አላቸው፤ አያስከፍሉም።

ለባል ወይም ለሚስት ስፖንሰር ስትሆኑ ግን ቆም በሉ። ጋብቻው አንድ፣ ልጆቹ የታወቁ፣ ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ ራሳችሁ ትችላላችሁ። በሱዳን ወይም በአረብ አገር በኩል ካናዳ የገቡ ወገኖቻችን መካከል ግን ሲገቡ ትዳራቸውን ወይም አገር ቤት ያለ ልጃቸውን ያላስመዘገቡ አሉ። ሰው ፈርቶ ነው፤ ወይም ያኔ የሞላለት ሰው "ተወው" ብሎት ነው። ያልተመዘገበን የቤተሰብ አባል በኋላ በስፖንሰር ማምጣት በደንቡ የተዘጋ መንገድ ነው። ይህን ለማስከፈት የሚሞከሩ መንገዶች አሉ፤ ግን የቅጽ ሥራ አይደሉም። እዚህ ላይ ለባለሙያ የሚከፈል ብር አያስቆጭም። የወንጀል መዝገብ፣ የቀድሞ ክልከላ ወይም የተጣረሰ የልደት ቀን ያለበት ፋይልም እንዲሁ ነው።

መሐል ላይ ላላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ቅጹን ራሳችሁ ሙሉ፤ ከዚያ ፈቃድ ላለው አማካሪ የአንድ ሰዓት ብቻ ከፍላችሁ አስገምግሙት። ሙሉ ፋይል ከማስያዝ ብዙ ይቀንሳል። አክስቴም የ5 ዓመቱ እገዳ ሲያልቅ የምታደርገው ይህንን ነው። ልጇ ትሞላዋለች፣ አማካሪው ያየዋል። "ተከልክለው ያውቃሉ?" በሚለው ሥር ሁለቱም ክልከላዎች ከነምክንያታቸው ይጻፋሉ። ኢሜይሉን ከአሁኑ በራሷ ስም ከፍተንላታል።