ቦርሳ አዝሎ በአውቶቡስ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጣና ዳር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቦርሳዬን አዝዬ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ንጹሕ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳያስጨንቅ፣ ጥምዝምዙን ሁሉ በእርጋታ አሳለፈን። ለዚህ ብቻ ደግሜ እሳፈርበታለሁ! ከደጀን በላይ የጎጃም ደጋ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ስለሚገባ ጋቢ ያዙ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ የተሰጠን 20 ደቂቃ ግን ግፍ ነው፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ጥሩምባ ተነፋባቸው። አዛውንት እንዲህ አይጣደፍም። እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች አየን። አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር ገብቼ ጣና ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በላሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ቆዳው ገና ይንጨረጨር ነበር።