«የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትከፍቺው?»

ላፕቶፔን ለጠገነልኝ ሱቅ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የሱቁን ስም ግን አልጽፍም። ባለሙያው ራሱ «እባክሽ እንዳትጽፊው፤ ያለውንም ሥራ አልቻልኩትም» ብሎኛል። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ያለች ክፍል ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

ጉዳዩ የካሜራ ነው። ከላፕቶፔ ስክሪን በላይ ያለችው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህለው ካሜራ። እኔ በኢንተርኔት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ስድስት ልጆች ናቸው። ቅዳሜ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እነሱ ቁርሳቸውን በልተው ይቀመጣሉ። ካሜራ ለኔ ጌጥ አይደለም። «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ቸ»ን ከ«ጨ» የሚለዩት አፌን አይተው ነው። ፊደሉንም ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ወደ ካሜራው አስጠጋላቸዋለሁ። ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ቅዳሜ «ጨረቃ» እያልኩ ጥርሴን ሳሳያቸው መልኬ ጠፋ። ሳጥኑ ጠቆረ። ድምፄ ግን አለ። አንደኛው ልጅ «ቲቸር፣ መብራት ሄደ?» አለኝ። አዲስ አበባን ከእናቱ ወሬ ያውቃታል።

ወደ ሱቅ ከመሮጤ በፊት በራሴ የማውቀውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። እናንተም ብትሞክሩት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው በነፃ የሚሆን ነገር ብር ከፍሎ ይመጣልና። መጀመሪያ ካሜራው ላይ ተንሸራታች መከለያ እንዳለ አየሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ በጣም ቀጭን ስለሆነ በጣት ካልዳሰሱት አይታወቅም። የኔ የለውም። ቀጥሎ ከላይ ያሉትን የኤፍ ቁልፎች አየሁ። የተሰረዘች ካሜራ የተሳለበት ቁልፍ ካለ፣ ሳይታወቅ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። እሱም የለም። ከዚያ ሴቲንግስ ገብቼ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ውስጥ ካሜራን ከፈትኩ። እዚያ አንድ ሳይሆን ብዙ ማብሪያ ነው ያለው። ሰው የላይኛውን አብርቶ ይወጣል። ወደ ታች ወርዶ ለዴስክቶፕ አፖች የሚፈቅደውን አያየውም። የኔ ሁሉም በርቷል። ዙምና ጉግል ሚት በአንድ ካሜራ እንዳይጣሉ አንዱን ዘጋሁ። ብሮውዘሩ ላይ የካሜራ ፈቃድ መኖሩንም አየሁ።

በመጨረሻ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ፣ ገባሁ። ካሜራው ላይ ወደ ታች የምታይ ቀስት ካለች ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ደግሞ ሹፌሩ ታሟል። ድራይቨር፣ ካሜራውን የሚያሠራው ፕሮግራም ማለቴ ነው። የኔ ሁለቱም አይደለም። አንዳንዴ ካሜራው ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ዊንዶውስም አንዴ «ካሜራ አልተሰካም»፣ በ4244 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር እያሳየ፤ አንዴ ምንም እንዳልተፈጠረ ፊቴን እያሳየ። ሪስታርት ሳደርገው የሚመለስበት ጊዜ ስለነበር ሶፍትዌር ነው ብዬ ደመደምኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ሪስታርት አድርጌ እስኪነሳ ድረስ ስክሪኑን ከፈት ዘጋ እንደማደርግ ልብ አላልኩም።

ሌላም ልብ ያላልኩት ነገር አለ። ፍላሽ ስንነቅል የምትሰማዋ ድምፅ አለች አይደል? ላፕቶፔ ለሳምንታት ያቺን ድምፅ ሲያሰማ ነበር። ፍላሽ ግን አልተሰካም። ማውሱ ነው እያልኩ ማለፍ።

የመጀመሪያው ሱቅ መገናኛ አካባቢ ነው። መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱበት። ልጁ ላፕቶፑን ደረቴ ድረስ በሚደርስ ባንኮኒ ላይ ከፈተው። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ማዘር፣ ይሄ ሶፍትዌር ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ማዘር! ይሁን ብዬ ተውኩት። 800 ብር ከፈልኩ። በማግስቱ ካሜራው ቁልጭ አድርጎ ሲያሳየኝ አይቼ ተረከብኩ። ቤት ገብቼ ሳሎን ጠረጴዛዬ ላይ ብከፍተው ጥቁር ነው። ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የልጆቹ የቤት ሥራ ደግሞ ከፎርማቱ ጋር ሄዷል። ሳይጠይቀኝ። «ዲ ላይ ነው የሚቀመጠው እኮ» አለኝ ስነግረው፤ ፎርማቱ የማይነካው ሌላው የዲስኩ ክፍል ማለቱ ነው።

ተመልሼ ወሰድኩት። ባንኮኒው ላይ ከፈተው። ይሠራል! «አየሽ? አጠቃቀም ነው» ብሎ ፈገግ አለ። አፈርኩ። ቅዳሜ ደርሶ እንደገና ሲጠፋብኝ በንዴት ስክሪኑን ልከድነው ስል፣ ግማሽ መንገድ ላይ መልኬ ብቅ አለ። እጄን ለቀቅኩ፣ አለ። ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩት፣ ጠፋ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስክሪኑን ወደ ፊት ደፋ አድርጌ፣ እኔም ንስሐ እንደሚገባ ሰው አጎንብሼ አስተማርኩ። ይህንን ለባለ ቲሸርቱ ልጅ ሄጄ ስነግረው ሳቀ። ከዚያ «እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው» ብሎ 9,000 ብር ጠራ። ማዘርና ማዘርቦርድ በአንድ ሱቅ። ይዤው ወጣሁ።

የሃያ ሁለቱን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ስገባ ራሱን ቀና አላደረገም፤ አንድ ቻርጀር እየበየደ ነበር። ጨርሶ እጁን ጠረገና «ምን ሆነ?» ሳይሆን «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። ነገርኩት። አጎንብሼ ማስተማሬን ስነግረው አልሳቀም። ስለ ድምፁዋም ጠየቀኝ፦ «ሳትሰኪ ሳትነቅዪ ቱን ቱን ይላል?» ይላል አልኩት። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። «የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትከፍቺው?»

ሶፋ ላይ። ጠረጴዛዬ ዝቅ ያለች የቡና ጠረጴዛ ናት። እንድታይ ስክሪኑን በጣም ወደ ኋላ መለጠጥ አለብህ። «ባንኮኒ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚከፈተው» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው ማየት የነበረባችሁ። የስክሪኑን ግማሽ ለካሜራ አፑ፣ ግማሹን ለዲቫይስ ማኔጀር ሰጠው። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረገ። ከዚያ ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያገላብጥ ሰው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይወስደው ጀመር። መልኬ አለ። አለ። አለ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቺ የፍላሽ መንቀያ ድምፅ ጮኸች፣ ዝርዝሩ ብልጭ አለ፣ ካሜራ የሚለው መስመር ከዓይናችን ሥር ጠፋ። ጣት የምታህል ወደ ፊት መለሰው፤ ድምፅ፣ መስመሩ መጣ፣ መልኬም መጣ። ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ዊንዶውሱ ላይ አንዲት ነገር አልነካም።

የላፕቶፕ ካሜራ ከውስጥ የሚገናኘው በዩኤስቢ ነው ብሎ አስረዳኝ። ልክ እንደ ፍላሽ። ስለዚህ ሲቋረጥ ዊንዶውስ የሆነ ሰው ነቀለው ብሎ ያስባል። ሽቦዎቹ እንደ ክር የቀጠኑ ሆነው ከስክሪኑ ኬብል ጋር በማጠፊያው ውስጥ ያልፋሉ። በከፈትንና በዘጋን ቁጥር እዚያ ይታጠፋሉ። አንዷ ክር ከላስቲኳ ውስጥ ስትበጠስ፣ በአንድ ማዕዘን ጫፎቿ ይነካካሉ፣ በሌላው ይራራቃሉ። ቀጥሎ «እስቲ ስትከፍቺው አሳዪኝ» አለኝ። ከፈትኩ፤ በቀኝ እጄ፣ የቀኙን ጥግ ይዤ። ግራ እጄ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። የቡና ስኒ ይይዛል። ሳቅ ያለው ያኔ ብቻ ነው። ከቀኙ ማጠፊያ በላይ ፍሬሙ ላይ ያለችውን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አሳየኝ። ዓመታት ሙሉ ስጠመዝዘው ኖሬያለሁ።

እርግጠኛ ለመሆን የራሱን ዌብካም ሰካ። ሎጂቴክ ሲ270 ነው፣ ያ ብዙ ቢሮ ውስጥ የምናየው። ወዲያው ሠራ። «የውጪው ከሠራ ዊንዶውስሽ ጤነኛ ነው። ፎርማት ምንም አያደርግልሽም ነበር።» 800 ብሬ ትዝ አለኝ። እሱን ልግዛው ስለው ትልቅ ትርፍ ሊያገኝበት ሲችል እንዲህ አለኝ፦ «ፊትሽን በ720 ፒ ጥራት ያሳያል፣ ለስብሰባ ደህና ነው። ፎከሱ ግን ቋሚ ነው። ሰሌዳሽን ስታስጠጊበት ጽሑፉ ይደበዝዛል። ላንቺ ሥራ አይሆንም።» ዋጋውም ቢሆን፣ ዶላሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የኬብሉን እጥፍ አልፏል። ይባስ ብሎ የአንድሮይድ ስልክ በዊንዶውስ 11 እንደ ዌብካም መጠቀም እንደሚቻል በነፃ ነገረኝ። «ብሩ ካልሞላልሽ እስኪሞላልሽ በዚያ አስተምሪ።» እንደዚህ የሚል ነጋዴ መቼ ነው ያያችሁት?

ኬብሉን ማስቀየር መረጥኩ። ሂሳቡን ሳይነካው በፊት ጽፎ ሰጠኝ፤ ኬብሉ 1,700፣ እጅ 800። ኬብሉ አዲስ አይደለም። ለመለዋወጫ ከያዛቸው የሞቱ ላፕቶፖች ከአንዱ የሚወጣ ነው፣ ይህንንም አልደበቀኝም።

አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ባትሪውን አላቀቀ። የስክሪኑን ፍሬም ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን እየገባ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ከፈተው። ብሎኖቹን የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ላይ በየጉድጓዱ አስቀመጠ። የላይኛው ረድፍ የላይኛው ብሎን፣ የታችኛው ረድፍ የታችኛው። አሮጌውን ኬብል ሲያወጣው ማጠፊያው ጋ የነበረው ቦታ ጠቁሮ ተጨማድዷል፤ ጥፍሩን ሲያሳርፍበት ውስጡ ባዶ እንደሆነ እጥፍ አለ።

እየሠራ አንድ ታሪክ ነገረኝ። የመጀመሪያው ዌብካም የተተከለው ቡና ለመጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላቦራቶሪ ሰዎች ከሌላ ክፍል ተነስተው ሲመጡ የቡናው ማፍያ ባዶ ሆኖ እያገኙት ተማረሩ። ማፍያው ላይ ካሜራ ደገኑበት፤ 128 በ128 ነጥብ የሆነች ጥቁርና ነጭ ምስል። በ1993 ዓለም ሁሉ በድረ ገጽ እንዲያያት ሆነ፤ በ2001 ተዘጋች። ቤት ገብቼ ፈለግኩት፣ እውነቱን ነው። እኛ ሀገር ቢሆን አይፈለሰፍም ነበር። ጀበናውን ትቶ ሌላ ክፍል የሚሄድ ማን አለ?

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ውሰጂ» ያለኝ ሐሙስ ነው። አርብ ስሄድ የለም። ስልክ አያነሳም። አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጸሎት እንደሚዘጋ በሩ ላይ ተጽፏል፣ እሱ ያግባባናል፤ እኔ ግን የሄድኩት በዘጠኝ ነው። የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተር ልፈታ ሄጄ ነበር እያለ። መቀመጫ የለም። ደረሰኝም የለም። የአንድ ወር ዋስትናውን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ነው የሰጠኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ከታች አንድ ብሎን እንደሌለ አየሁ። ደውዬ ነገርኩት፤ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። «ቲቸር፣ ብሎኗ እንቁላል ካርቶኑ ውስጥ ቀርታለች፣ ስታልፊ ውሰጂያት» አለኝ። አልፌ አልወሰድኳትም እስካሁን።

ስጠቀምበት ሁለተኛ ወሩ ነው። እስከ መጨረሻ ለጥጬ እከፍተዋለሁ፣ ድምፅ የለም፣ መልኬ አይጠፋም። ስከፍት ስኒውን አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ ከመሃል ይዤ ነው። ማጠፊያውን ራሱንም ላላ አድርጎልኛል፤ ይጠብቅ የነበረው ለካ እሱ ነው ኬብሉን የሚያደክመው። ለዚህ አላስከፈለኝም።

ከተጠገነ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው ቅዳሜ ሶፋዬ ላይ ተደላድዬ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ዙምን ከፈትኩ። ያ ስለ መብራት የጠየቀኝ ልጅ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ትንሽ አየኝ።

«ቲቸር፣ ዛሬ አንገት አለህ!»

«አለሽ» ብዬ አረምኩት።