ለቪ-ስትሮም 650 የተገዛ ባትሪ፦ በአዳማ የአሥራ አንድ ወር ምስክርነት

ይህ ጽሑፍ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአዳማ ለሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ሞተር ሳይክሌ ስለ ገዛሁት ባትሪና ስለ ሸጠልኝ ሱቅ ነው። አስተያየቴን ለመጻፍ አሥራ አንድ ወር የቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ማንኛውም ባትሪ በተገጠመበት ቀን ሞተር ያስነሣልና በዚያ ቀን የሚሰጥ ምስጋና ለገዢ የሚጠቅም አይመስለኝም።

ከእርሱ በፊት የነበረው ባትሪ ያገለገለኝ አራት ወር ብቻ ነው። ከሌላ ሱቅ የገዛሁት፣ አሲዱ ከፋብሪካው ተሞልቶ ታሽጎ የመጣ፣ በተለምዶ «ደረቅ ባትሪ» የምንለው ነበር፤ ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገጠመልኝ፤ ሞተሪኖውም (ማስነሻ ሞተሩም) ወዲያው ስለዞረ ምንም ሳልጠይቅ ከፍዬ ሄድኩ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርጌ ወደ ባሌ ወጣሁ፤ ጎባ አደርኩና ወደ ሳነቴ አምባ ለመውጣት በማለዳ ቁልፉን ስከፍት የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ አለ፤ ማስነሻውን ስጫን ደግሞ ከኮርቻው ሥር «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ብርድ የባትሪው ኬሚካል ሥራው ይዘገያል፣ የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል፤ ስለዚህ የደከመ ባትሪ አዳማ ላይ ደብቆት የቆየውን ድክመት እዚያ ያወጣዋል። የሆቴሉ ልጆች ቁልቁል ገፉልኝ፤ ነገር ግን ይህ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በኤሌክትሪክ ፓምፕና በኮምፒውተር ስለሆነ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግፊያ አያስነሣውም። ቁልፉ ሲከፈት ከነዳጅ መያዣው የሚሰማው የፓምፑ ስስ ድምፅ እንኳ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሾፌር መኪናውን እንዳጠፋ በካቦ አስነሣልኝና ሳነቴን ትቼ፣ ለምሳ እንኳ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ እስከ አዳማ ተመለስኩ።

አዳማ እንደ ደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ባትሪ ሊሸጥልኝ ፈጠነ፤ ሞተሩን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያቀረበልኝ ዋይቲኤክስ12-ቢኤስ የሚል የሞዴል ጽሑፍ ያለበት ነበር። ሞተሩ የሚፈልገው ዋይቲ12ኤ-ቢኤስ መሆኑን ስነግረው «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁለቱም አሥር አምፔር ናቸው» አለኝ። አምፔሩስ በእርግጥ ተቀራራቢ ነው፤ ርዝመታቸው 150 ሚሊ ሜትር፣ ስፋታቸው 87 ሚሊ ሜትር መሆኑም አንድ ያደርጋቸዋል። ልዩነቱ ቁመቱ ላይ ነው፤ የእኔ ሞተር የሚወስደው 105 ሚሊ ሜትር ሲሆን እርሱ የሰጠኝ 130 ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ትመስላለች፤ ኮርቻው በላዩ ላይ ሲጫን ግን የፖዘቲቩ ቡሎን ከኮርቻው ብረት ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ግንኙነት እሳት ነው። ስለዚህ ለመግዛት የምትሄዱ ሁሉ አሮጌውን ባትሪ በእጃችሁ ይዛችሁ እንድትሄዱ፣ ከጽሑፉም በላይ ማስመሪያ እንድታምኑ አደራ እላለሁ። የፖዘቲቩ ጫፍ በየት በኩል እንደሆነ ማየትም ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ባትሪ በመጠኑ አንድ ሆኖ ጫፎቹ ስለሚገለባበጡ ገመዱ አልደርስ ይላል፤ ተስቦ ቢደርስ ደግሞ ይባስ ነው።

የገዛሁበት ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቅ፣ ስፋቱ ሁለት ሞተር የማያስቆም ጠባብ ክፍል ሲሆን በስተኋላው ባትሪ የሚሞላበት መደርደሪያ አለው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የጠየቁኝ ጥያቄ እምነቴን ወሰደው፦ «ልጄ፣ ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን አይተሃል?» አላየሁም ነበር። ሞተሩ እንደተነሣ ቴስተራቸውን በባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ አድርገው ጋዝ ስጥ አሉኝ፤ 14.2 ቮልት አነበበ። ከ13.5 በታች ወይም ከ15 በላይ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የሬጉሌተሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ስለሚሆን አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ይሞት ነበር። ቀጥለው አሮጌውን ባትሪ አውጥተው ሌሊቱን ሞሉት፤ በማግስቱ ሲለካ 12.3 ቮልት ብቻ ያዘ፤ ሞተሪኖውን ሲያዞር ደግሞ ወደ 8 ወረደ። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.8 እና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ በማስነሣት ጊዜም ከ10 ቮልት አካባቢ በታች ሊወርድ አይገባም። ለመሸጥ ሳይቸኩሉ፣ መሞቱን በቁጥር ካሳዩኝ በኋላ ነው ስለ አዲሱ የተነጋገርነው።

ያ ባትሪ ለምን በአራት ወር እንደሞተም ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ለምርጫዬ ሁሉ መሠረት ስለሆነ በጥቂቱ ልቆይበት። አሲድ የገባበት የእርሳስ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ቢሆን በገዛ ራሱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር አወራረዱ ይፈጥናል። በኤሌክትሪክ ሳይሞላ ብዙ ከቆየ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት ይጠነክርና አቅሙን ለዘለቄታው ይበላዋል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዕቃ ደግሞ በመርከብ ወራት ተጉዞ፣ ጅቡቲ ወደብ በዚያ ሐሩር ቆይቶ፣ ከዚያ በመጋዘን ከርሞ ነው ሱቅ የሚገባው። ስለዚህ አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ ካርቶኑ አዲስ፣ ውስጡ ግን ያረጀ ሊሆን ይችላል። በስሙ መጨረሻ ላይ «ቢኤስ» የሚል ያለበት ባትሪ ግን አሲዱ በተለየ ጠርሙስ አብሮት ይመጣል፤ ሰሌዳዎቹ ደረቅ ሆነው ታሽገው ስለሚቆዩ ዕድሜው የሚቆጠረው አሲዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ፣ በአገራችን ሁኔታ ለሩቅ ጉዞ ሞተር የሚገዛ ሰው ከስምም ከዋጋም በፊት ሊመርጠው የሚገባ ነገር ይህ ነው፦ አሲድ ሳይገባበት መጥቶ በዓይናችን ፊት የሚሞላ ባትሪ።

የመረጥኩት የዩአሳ ሥሪት ነው። ዩአሳ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጂኤስ ከተባለው ሌላ የጃፓን ባትሪ ሠሪ ጋር ተዋህዶ ጂኤስ ዩአሳ ሆኗል፤ «ጂኤስ» የመሥራቹ የጌንዞ ሺማዙ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። በተመሳሳይ ካርቶን የሚሸጥ አስመሳይ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የአሲዱ ጠርሙስ እሽግ ያልተነካ መሆኑን፣ በባትሪው አካል ላይ ያለው ኮድም ቀለም ብቻ ሳይሆን የተቀረጸ መሆኑን ተመልክቻለሁ።

ሊትየምም አስቤ ነበር። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ የእርሳሱ ደግሞ ከሦስት ኪሎ በላይ ነው። ቆሞም በቀላሉ አይወርድም። ነገር ግን የተጠየቅኩት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ከመሆኑ ሌላ፣ ሊትየም በብርድ ማለዳ መጀመሪያ ላይ ሰነፍ ነው፤ የራሱ የሆነ ቻርጀርም ይፈልጋል፤ ሬጉሌተሩ ከተበላሸና ቮልቱ ከፍ ካለም ጉዳቱ ከእርሳሱ የከፋ ነው። ሮቤ ወይም ጊኒር ላይ ቢበላሽብኝ በባትሪ ቤት ሊረዱኝ የሚችሉት የእርሳሱን ነው። የውሃ ባትሪን ግን አላሰብኩትም፤ በኮረኮንች ላይ በተናጠ ቁጥር አሲዱ በመተንፈሻው እየወጣ ብረት ይበላል።

አሞላሉን ቆሜ ተመልክቻለሁ። ጋሼ ባትሪውን ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የስድስቱን ቀዳዳዎች መሸፈኛ ወረቀት ላጡ፤ ስድስት ጠርሙሶች የተያያዙበትን የአሲድ ዕቃ ግን እሽጉን ሳይከፍቱ ገልብጠው በአንድ ጊዜ ተጫኑት። ወዲያው በየጠርሙሱ አረፋ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አራተኛው ብቻ ዝም አለ፤ በጣታቸው ታችኛውን ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት እርሱም ተንቀሳቀሰ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ቆዩ፤ የባትሪውን ጎን ስዳስሰው ሞቆ ነበር። ጠርሙሶቹ ባዶ መሆናቸውን በብርሃን አንሥተው ካዩ በኋላ ክዳኑን እላዩ ላይ ብቻ ጣል አድርገው ለግማሽ ሰዓት እንዲያርፍ ተዉት። እኔ በዚያን ጊዜ ልገጥመውና ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን «አሁን ብትወስደው ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠግብ ይኖራል» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ አሲድ የገባበት ባትሪ የሚኖረው አቅም ሰማንያ በመቶ ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሙሌት ካልተሟላ የጎደለው በኋላ በዲናሞ አይሞላም። ለአሥር አምፔር ባትሪ ተገቢው ፍጥነት አንድ አምፔር ነው፤ ሌሊቱን በዚያ ፍጥነት ሞሉትና በማግስቱ 12.9 ቮልት አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑን በመዳፋቸው እስኪጠቅ ድረስ የገፉት፤ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አይከፈትም።

አሥራ አንድ ወር አልፎታል። በዚህ ጊዜ ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቻለሁ፤ በግንቦት ሐሩር መተሐራንና አዋሽን አቋርጬ ድሬዳዋ ደርሻለሁ፤ በጥር ደግሞ ያመለጠኝን ሳነቴን ወጥቻለሁ፤ በዚያ ባለው በቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ በ4,377 ሜትር ላይ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ፎቶ ካነሣሁ በኋላ በመጀመሪያው ጫና ተነሣ። ሲነሣ የሚወርደው ቮልት ዛሬም 10.6 ነው። ሁለት ሳምንት ሳይነዳ ቆሞ 12.7 አነበብኩ። ለእርሳስ ባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ስለሆነ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል ይባላልና፣ አዳማ ላይ ሞተሩን ከቀትር ፀሐይ ጥላ ሥር ማቆም ልማዴ አድርጌዋለሁ። የስልክ መሙያውንም በቁልፍ ከሚከፈት መስመር ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ቀድሞ በቀጥታ ከባትሪው ስለነበር ቆሞም ይጠጣ ነበር፤ የፊተኛውን ባትሪ ሞት ሳያፋጥን አልቀረም።

ዋጋውን አልጽፈውም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስለሚዋዥቅ ዛሬ የምጽፈው ለነገ ገዢ ያሳስታል። መርካቶ ሶማሌ ተራ በስልክ ያስጠየቅኩት ከአዳማው በመጠኑ ረከስ ያለ ነበር፤ የመንገዱ ወጪና የሚጠፋው ቀን ሲታሰብ ግን ልዩነት አልነበረውም። አሮጌውን ባትሪ ተረክበው ዋጋውን ቀንሰውልኛል፤ እርሳስና አሲዱም ሜዳ ላይ እንዳይጣል ይህ ልማድ በሁሉም ሱቅ ቢኖር እወዳለሁ።

ሱቁ ጉድለት የለበትም አልልም። ዋስትናው ስድስት ወር መሆኑ በደረሰኙ ጀርባ በእስክሪብቶ ከመጻፉ በቀር ሌላ ወረቀት የለውም። ጋሼ አሲድ ሲሞሉ ጓንትም መነጽርም አያደርጉም፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነና ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ስለሆነ ይህ በእውነት ያሳስበኛል፤ ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ባትሪን በጫና የሚፈትን መሣሪያም የላቸውም፤ የሚፈትኑት በሞተሩ በራሱ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሌሊትም ሙሌቱ ስለሚጓተት፣ ወደ ሩቅ መንገድ ለመውጣት ያሰበ ሰው ባትሪውን ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ ማድረስ ይኖርበታል፤ እኔን ጠዋት እንድመለስ ከቀጠሩኝ በኋላ መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስከ እኩለ ቀን አስጠብቀውኛል፤ ሙሌቱ ሳይጠናቀቅ ግን አልሰጡኝም።